ስለ ቆሼ ዶክመንተሪ ጀምረናል፤ የአደጋውን ምሽት እናስገባው ወይስ እንተወው?

ብርሃን ጠባቂ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ስለ ቆሼ፣ ስለ አዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ፣ ዶክመንተሪ ጀምረናል። ስለ አደጋው ብቻ አይደለም። ከአደጋው በኋላ ሰፈሩ እንዴት ኖረ ነው ጥያቄያችን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው መቅጠፉን የማያስታውስ የለም። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ጋዜጠኛው መጣ፣ ባለሥልጣኑ መጣ። ከዚያ ሁሉም ሄደ። ሰፈሩ ግን የትም አልሄደም።

እኔ ያደግሁት አየር ጤና ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ሽታው እኛም ጋ ይደርስ ነበር። ያኔ ያ ተራራ የከተማው ዳርቻ ነበር። አሁን ከተማው አልፎት ሄዷል። በአንድ በኩል ጀሞ፣ በሌላ በኩል ቀለበት መንገዱ፣ መሃል ላይ እሱ።

ጭንቅ ያለብኝ ይህ ነው። በዚያ ምሽትና በማግስቱ ሰዎች በስልካቸው የቀረፁት ቪዲዮ እጃችን ገብቷል። ከባድ ነው። ኤስካቫተሩ ሲቆፍር፣ እናቶች ሲጮኹ፣ ሬሳ ሲወጣ ይታያል። አንዱ ጓደኛዬ "ፊልሙ በዚህ ይከፈት፣ ካልሆነ ሰው አይቀመጥም" ይላል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ሌላው ደግሞ ሰፈሩ ካሜራ ሰልችቶታል። ገና ከቦርሳ ስናወጣው ፊቱን ያዞራል። እንዴት እንግባ?

ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ የሰፈሩ ልጆች ካላችሁ፣ በእግዜር ተናገሩኝ።

የዘነበወርቅ ልጅ

እህቴ፣ የሰፈሩ ልጅ ነኝ። ዘነበወርቅ ተወልጄ፣ አለርት ሆስፒታል አጥር ሥር ኳስ ተጫውቼ ነው ያደግሁት።

ፊታቸውን ለምን እንደሚያዞሩ ልንገርሽ። በዚያ ሳምንት የመጣው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር። "ስንት ሰው ሞተብህ?" የሞተበትን ከነገረው ካሜራውን ያበራል። "እኔስ አልሞተብኝም፣ ጎረቤቴ ነው" ካለው ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ሰው በሐዘኑ ልክ ሲመዘን አይቷል እኮ። አሁንም ካሜራ ሲያይ ያንን ጥያቄ ነው የሚጠብቀው።

ስለዚህ ስለ ሞት አትጠይቁ። ስለ እድሩ ጠይቁ።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ከአደጋው በኋላ ከሰፈሩ ተነሥተው ሌላ ቦታ ቤት ያገኙ ሰዎች አሉ። አንዲት የማውቃቸው እናት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ውሃም መብራትም አለው። በርበሬ የሚያሰጡበት ግን የለም። ኮሪደሩ ላይ ሲያሰጡ ጎረቤት አስነጠሰን አላቸው። እድራቸውን ግን አላዛወሩም። እስከ ዛሬ በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተው እዚሁ ይከፍላሉ። "እዚያ ብሞት ማን ያውቀኛል?" ነው የሚሉት።

የእድሩን መዝገብ ብታዩት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ባለ ሰማያዊ ሽፋን ትልቅ መዝገብ። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ስትደርሱ ገጹ ይለወጣል። በተለያየ እስክሪብቶ፣ በተለያየ እጅ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ብቻቸውን ሊጨርሱት ስላልቻሉ ሰው ተቀባብሎ ነው የጻፈው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ገጽ እንደ ወትሮው ነው። መዋጮ፣ ቅጣት፣ የተሰበረ ወንበር ማስጠገኛ። ሰፈሩ እንዴት እንደተነሣ የሚያሳይ ነገር ከፈለጋችሁ እሱ ነው።

ቆርጦ ቀጥል

ኤዲተር ነኝ። ሥራዬ ማሽን ፊት ቁጭ ብሎ የሰው ቀረፃ መቁረጥና መቀጠል ነው። ስለዚህ ከኤዲቲንግ በኩል ልናገር።

ሬሳውን አታሳዪ። "ሰው አይቀመጥም" የሚለውን አትስሚ። በሬሳ የተከፈተ ፊልም ከዚያ በኋላ የሚያሳየው ሁሉ ያንሳል። ተመልካቹ ድንጋጤ ለምዷልና ሌላ ድንጋጤ ይጠብቃል። አንቺ ደግሞ ልታሳዪው የፈለግሽው በርበሬ የሚሰጣበት ቦታ ያጡ እናት ናቸው። በዚያ ጩኸት ላይ እሳቸው አይሰሙም።

እኛ አገር ይህ ነገር ታሪክ አለው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የወሎን ረሃብ ቀርፆ ለዓለም አሳየ። ዓለም ደነገጠ፣ እርዳታ መጣ። ዓመት ሳይሞላ ያው ቀረፃ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። የቤተ መንግሥት ድግስ በመሃል በመሃሉ እየገባበት። ቀኑ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967 ዋዜማ ነበር። ልብ በይ፣ የወሎ ሰው ፊት አልተለወጠም። የተለወጠው ከጎኑ የተቀመጠው ሾት ነው። ስለዚህ በእጅሽ ያለውን ቪዲዮ ምን ጎን እንደምታስቀምጪው ካላወቅሽ እንዳታስገቢው። አንዴ ከወጣ ደግሞ ሌላው ሰው ከፈለገው ነገር ጎን ያስቀምጠዋል።

የ1977ቱንም አስቢ። ጥቅምት ላይ የኬንያው ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ኮረም ላይ የሠሩት ዘገባ ዓለምን አናወጠ። ሕይወት አድኗል፣ ይህን ማንም አይክድም። ግን ከዚያ በኋላ የእኛ ሰው በውጭ ዓለም ዓይን ለብዙ ዓመት እዚያው ሜዳ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። በዚያው ዓመት የካናዳ ጋዜጠኞች ልትሞት ነው የተባለች ሕፃን ቀርፀው ነበር፤ ብርሃን ወልዱን። ተረፈች። ተማረች። እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ላይቭ ኤይት በተባለው የሙዚቃ ኮንሰርት መድረክ ላይ ቆመች። በሁለቱ መካከል ሃያ ዓመት አለ። እንዴት ተማረች? ማን አሳደጋት? ምን ስትበላ ኖረች? የአንቺ ፊልም መቀመጥ ያለበት እንዲህ ያለው መሃል ላይ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ልመና ደግሞ። ዋሽንት አታስገቢ። አገር ውስጥ ሐዘን ያለበት ዶክመንተሪ ሁሉ በዋሽንት ነው የሚጀምረው። ተመልካቹ ገና ሰው ሳያይ አልቅስ ይባላል። ሰውዬው ራሱ ተናግሮ ያልቅስ፣ ወይም ተናግሮ ይሳቅ።

ጆሮ ብቻ

ድምፅ ላይ ነው የምሠራው። ስለ ቆሼ ሁሉም የሚያወራው ሽታውን ነው። ሽታ ደግሞ አይቀረፅም። ድምፁን ቅረፁ።

የቆሻሻ መኪናው ወደ ኋላ ሲል የሚያሰማው ድምፅ አለ። እሱ ሲሰማ ቆሻሻ ለቃሚው ሁሉ ይነሣል። የኋላው ሲከፈት፣ ለቃሚው የሚቆፍርበት ሜጫ ሲያርፍ፣ ሃይላንዱ ጆንያ ውስጥ ሲረገጥ። ከላይ አሞራው። እነዚህን ለየብቻ ያዙ። ንፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ማይኩን ያለ ፀጉር ልብስ እንዳታወጡት። ቃለ መጠይቅ ከሆነ የደረት ማይክ ይሻላል። ቡም፣ ማለትም በረጅም ዘንግ የሚያዘው ማይክ፣ ከፊታቸው ሲንጠለጠል ሰዎቹ እሱን ያያሉ።

የዚያን ምሽት ቪዲዮ በተመለከተ፣ ድምፁን ብቻ መጠቀም ይቻላል። ጥቁር ስክሪን፣ ድምፁ ለአፍታ፣ ከዚያ ጠዋት። የማንንም እናት ሬሳ ሳያሳዩ ምሽቱ ይገባል። ግን የቀረፀውን ልጅ ፈልጋችሁ አስፈቅዱት። የሱ ሥራ ነው።

የሰንዳፋ መንገድ

እኔ ከከተማው ሌላኛ ጫፍ ነኝ። ከለገጣፎ ወዲያ። እስካሁን ማንም ሰንዳፋን አላነሣም፤ ደነቀኝ።

ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲጣልበት ቆይቶ ሞላ ተባለ። አዲስ ማስወገጃ ሰንዳፋ ላይ ተሠራ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ገበሬው ሽታው ገደለን፣ ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን እየታመሙብን ነው ብሎ ተነሣ። ወራት ብቻ ሠርቶ ቆመ። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ክምሩ ተናደ።

ገበሬውን ጥፋተኛ ለማድረግ አይደለም። እኔ ራሴ የገበሬ ልጅ ነኝ። መሬቱ የሱ ነው፣ የሚጠጣው ያን ውሃ ነው። የዘነበወርቅም ሰው ጥፋት የለበትም። ሁለት ዳር ያሉ ሰዎች ናቸው፣ የመሃል ከተማው ቆሻሻ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስባቸው የኖረ። እነዚህ ሰዎች ግን ተገናኝተው አያውቁም። እናንተ ብታገናኟቸውስ? የሰንዳፋ ገበሬና የቆሼ ለቃሚ አንድ ቡና ላይ ቢቀመጡ ምን ይባባሉ ይሆን? እኔ ይህን ለማየት ቲኬት እገዛለሁ።

ሳኒተሪ

የደረቅ ቆሻሻ ባለሙያ ነኝ። ፊልም አላውቅም። ግን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ስለ ማገገም የሚሠሩ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ይዘሉታል። ሰው ጠንካራ ነው፣ ተስፋ አይቆርጥም ብለው ያበቃሉ። ተራራው ግን በጥንካሬ አይጸናም።

ክምር እንዲህ ነው የሚናደው። ቆሻሻው ሳይለይ፣ ሳይጠቀጠቅ፣ አፈር ሳይለብስ ይቆለላል። ጎኑ ቀጥ ይላል። እኛ አገር አብዛኛው ቆሻሻ የምግብ ትርፍራፊና እርጥብ ነገር ነው። ውሃ ይቋጥራል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከውስጥ ይገፋል። ጋዝም አለ፣ እሳትም ይነሣል። ከላይ ከባድ ማሽን ይሄዳል። ከሥር ሰው ይቆፍራል። ከዚያም በላይ ሌላ መኪና መጥቶ ይደፋል። አንድ ምክንያት ብቻ አትፈልጉ።

እኛ ብቻም አይደለንም። ፊሊፒንስ ማኒላ አጠገብ ፓያታስ የሚባለው ክምር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2000 ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። በቀጣዩ ዓመት አገሪቱ የደረቅ ቆሻሻ ሕግ አወጣች። ከቆሼ በኋላ ወር እንኳ ብዙ ሳያልፍ የስሪላንካው የኮሎምቦ ክምር ተናደ። በቀጣዩ ዓመት የሞዛምቢኳ ማፑቶ። እ.ኤ.አ. በ2024 የኡጋንዳዋ ካምፓላ። ሁሉም ቦታ ከሥሩ የሚኖረው ድሃ ነው።

ከአደጋው በኋላ የተሠራም ነገር አለ፣ እሱንም አሳዩ። በጃፓን ድጋፍ የተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ድርጅት ዩኤን ሀቢታት የፉኩኦካ ዘዴ የሚባለውን አምጥቷል። ቀዳዳ ያለው ቱቦ ድንጋይ ለብሶ ክምሩ ውስጥ ይገባል። ፍሳሹ በሱ ይወጣል፣ አየር በሱ ይገባል። አየር ሲገባ ሚቴን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ይቀንሳል፣ ክምሩም ይረጋል። ረጲ ላይ፣ እዚያው ቆሼ አጠገብ፣ ደግሞ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። ግን ለቃሚውን ጠይቁ። ላስቲኩና ካርቶኑ ጣቢያው ከገባ ለሱ ምን ቀረለት? እንጀራው ነው እኮ የሚቃጠለው።

ፒያሳ ካፌ

ይቅርታ፣ ብዙዎቻችሁ የምትሉትን አልቀበልም። ሬሳውን አታሳዩ፣ ምሽቱን በድምፅ ብቻ፣ ጥሩ። ግን ሰው ይረሳል። በዚያ ዓመት ያለቀሰው ሁሉ ዛሬ ረስቷል። ጀሞ ያለው ወጣት እንኳ አጠገቡ ምን እንደሆነ የማያውቅ አለ። ያልታየ ነገር አልሆነም ይባላል። እኔ ብሆን ምሽቱን አሳያለሁ። ሙሉ በሙሉ። ኃላፊነት ያለበት ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያየው አደርጋለሁ።

የዘነበወርቅ ልጅ

ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። የኛም ቁጭት ነው። ግን እዚያ ቪዲዮ ውስጥ የምትወጣው ልጅ የማን እንደሆነች እኔ አውቃለሁ። ወንድሟ አሁን ትልቅ ልጅ ነው። ስልክ አለው፣ ቲክቶክ ያያል። ኃላፊው ያየዋል ወይ አያየውም እግዜር ያውቃል። እሱ ግን ማየቱ አይቀርም። ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ሳያስበው፣ በማያውቀው ሰው ስልክ ላይ።

እንዳይረሳ ከሆነ ስሙ ይጠራ። እኛ ሙት ዓመት ስናወጣ ሬሳ አናሳይም። ስም እንጠራለን፣ ጠበል ጠዲቅ እናቀምሳለን። እስላሙም በራሱ ዱዓ ያደርጋል። ስማቸውን ቤተሰብ እየፈቀደ አንድ በአንድ ጥሩልን። ያኔ ማንም አልሆነም አይልም።

ፒያሳ ካፌ

ይህን አላሰብኩትም። እሺ። ስሙ ግን በትናንሽ ፊደል መጨረሻ ላይ እንዳይሮጥ። በድምፅ ይጠራ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ይስማው።

እናት ዓለም

ልጄ ብርሃን ጠባቂ፣ ከሕፃናትና ከሐዘንተኞች ጋር ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ሁለት ሦስት ነገር ልበልሽ።

ፈቃድ ማለት ወረቀት ላይ ማስፈረም አይደለም። ከወረዳ የትብብር ደብዳቤ ይዘሽ መሄድሽ ግድ ነው። ግን ደብዳቤው በር ይከፍትልሻል እንጂ ሰውየውን አያስፈቅድልሽም። ሰው ዛሬ እሺ ብሎ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሊያድር ይችላል። ማግስቱን ተመልሰሽ ጠይቂ። "ትናንት ከነገሩኝ ውስጥ እንዲወጣ የሚፈልጉት አለ?" በያቸው። ፊልሙ ሲያልቅም እንደገና ጠይቂ። አይ ካሉ አውጪው፣ የፊልምሽ ምርጥ ቦታ ቢሆንም እንኳ።

ሕፃን ልጅ ስለዚያ ቀን አትጠይቂ። እናቱ ብትፈቅድም። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠይቂው፣ ስለ ጓደኞቹ ጠይቂው። ፊት መደበቅ ካለበትም ያንን ጭጋግ ፊቱ ላይ አትደፊበት፣ ወንጀለኛ ያስመስለዋል። እጁን ቅረጪ፣ ጀርባውን ቅረጪ።

ገንዘብን በተመለከተ ለታሪክ አይከፈልም። ግን ለቃሚዋ ካንቺ ጋር ስትውል የቀን ገቢዋ ይቀርባታል። መኪናው አልፏት ይሄዳል። ያንን ማካካስ ጽድቅም አይደለም፣ ጉቦም አይደለም፣ ሒሳብ ነው። አስቀድመሽ ለሁሉም እኩል አድርጊው፣ ሰፈር እንዳይጣላ። ቤት ስትገቢ ደግሞ ቡናና ስኳር ይዘሽ ግቢ። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ቆርጦ ቀጥል

እናት ዓለም ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ አንድ ልጨምር። የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ሲደርስ ለፌስቲቫል ከመላካችሁ በፊት እዚያው ሰፈር አሳዩ። ሲኒማ ቤት አይደለም፣ እድሩ ድንኳን ውስጥ። ለዚህ ፕሮጀክተርና ነጭ አንሶላ ይበቃል። እነሱ የሳቁበትንና ዝም ያሉበትን ቦታ ጻፉ። እኔ እንኳ በነፃ ልቆርጥላችሁ ዝግጁ ነኝ፣ በዚህ ቅድመ ሁኔታ።

ለካሜራው ልጅ ደግሞ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አትቅረፁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የቀትር ፀሐይዋ ፊት ላይ ጥላ ትቆርጣለች፣ ዓይን አይታይም። ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት ከአሥር በኋላ። ለቃሚውም ዋና ሥራው ያኔ ነው።

ብርሃን ጠባቂ

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን መልሳችሁን አንድ በአንድ አነበብነው።

የወሰንነው ይህን ነው። የስልክ ቪዲዮው ምስል አይገባም። ድምፁን የቀረፀው ልጅ ከፈቀደ ለአፍታ ይገባል፣ ካልፈቀደ የለም። ስሞቹ ይጠራሉ፣ የሚጠሯቸው ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ፊልሙ ደግሞ በሃይላንድ ነው የሚከፈተው። አንዲት ለቃሚ አግኝተናል፣ ካሜራ ሳንይዝ አብረናት ስንውል የነበረች። ጠርሙሱን ስትለቅም አታየውም። ዓይኗ ቀጣዩ ላይ ነው፣ እጇ ግን ክዳኑን ፈትቶ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በጉልበቷ ጨፍልቆ ጆንያ ከቷል። ነጩ ለብቻ፣ አረንጓዴው ለብቻ። ከዚያ ጆንያው ወዴት እንደሚሄድ እንከተላለን። ምናለሽ ተራ ድረስ። ሳኒተሪ ያነሡትን የእንጀራ ጥያቄ እሷ ራሷ ናት የነገረችን፣ ከእናንተ በፊት።

የሰንዳፋ መንገድ፣ ያንተ ሐሳብ ከሁሉም በላይ አስጨንቆናል። ቡናውን እንሞክራለን። የምታውቀው ገበሬ ካለ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

የዘነበወርቅ ልጅ፣ የእድሩን መዝገብ ማየት ይቻላል?

የሰንዳፋ መንገድ

አጎቴ አሉ። ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይዛችሁ ኑ፣ በአማርኛ ሲናገሩ ያሳጥሩታል። ጻፍኩልሽ።

የዘነበወርቅ ልጅ

መዝገቡን እኔ ማሳየት አልችልም፣ የእድሩ ነው። ሊቀመንበሩን ጠይቄአቸዋለሁ። "ይምጡና ራሳቸው ይጠይቁ" ብለዋል። ስብሰባው የወሩ መጀመሪያ እሁድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። ካሜራውን ቤት ትታችሁ ኑ። መዋጮ ሲሰበሰብ ቁጭ በሉ፣ ክርክሩን ስሙ። በዚህ ወር አጀንዳው የድንኳኑ ሸራ ነው፤ ይጠገን ወይስ ይለወጥ። ረጅም ይሆናል። ሲያልቅ "ሌላ ጉዳይ ያለው?" ይላሉ። ያኔ ተነሥተሽ ማን እንደሆንሽ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ ምን ልትሠሪ እንደመጣሽ ተናገሪ። አየር ጤና ማደግሽን አትርሺ፣ የሚያውቅሽ አይጠፋም።